ኮሶ ከበሬው ወደ ሰው ወይስ ከሰው ወደ በሬው?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለመሠረታዊ ማኅበራት ተወካዮች የቀረበ ንግግር፤ ቡታጅራ)





በዓል ባለበት እርድ አለ፤ እርድ ባለበት ደግሞ በጉራጌ አገር ክትፎ አለ። ለመስቀል ከአዲስ አበባና ከየከተማው ወደ ቀዬው የሚገባው ሰው፣ ለአረፋ ወላጆቹን ሊጠይቅ የሚመጣው ልጅ፣ ሁሉም የሚሰበሰበው በአንድ ገበታ ዙሪያ ነው። ቆጮው ይጋገራል፣ ቅቤው ይነጠራል፣ ሥጋው ይከተከታል። ይህ ወግ የአገሩ ክብር ነው። በዚህ የደስታ ቀን ስለ ኮሶ ማንሣት ታዲያ ገበታ ላይ የማይነሣ ነገር ማንሣት ሊመስል ይችላል።

ነገር ግን ከብት አድልቦ ለገበያ የሚያቀርብ ገበሬና ገበሬውን የሚያደራጅ ዩኒየን ስለ ኮሶ ካልተነጋገሩ ማን ሊነጋገር ነው? የኮሶ ነገር የሆድ ቁርጠት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሥጋ ጥራት፣ የገበያ፣ የደንበኛ አመኔታና የቤተሰብ ጤና ጉዳይ ነው።

በየመንደሩ “ይህ በሬ ኮሶ አለበት”፣ “የዚያ ሉካንዳ ሥጋ ኮሶ ያሲዛል” ሲባል ይሰማል። ጥፋቱ ሁልጊዜ በበሬው ወይም በሥጋ ሻጩ ላይ ይላከካል። ብዙ ጊዜ የማይጠየቀው ጥያቄ ግን “በሬው ራሱ ከየት አመጣው?” የሚለው ነው። የዛሬው ንግግር ዋና ሐሳብ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው፤ መልሱም አጭር ነው። በሬው ኮሶን የሚያገኘው ከሰው ነው።

ጥገኛ ትል ምንድን ነው?

በሌላ ፍጡር አካል ውስጥ ወይም ላይ ሆኖ፣ ከዚያ ፍጡር ምግብ እየወሰደ የሚኖር ሕይወት ያለው ነገር ጥገኛ ይባላል። መዥገርና ቅማል ከውጭ ሆነው ይመጣሉ፤ ወስፋት፣ ኮሶና የወባ ተውሳክ ደግሞ በውስጥ ይኖራሉ። የጥገኛ ተሕዋስያን ጥናት የሚባለው የሙያ ዘርፍ ረቂቅ ቢመስልም የሚጠይቃቸው ዋና ዋና ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። ጥገኛው የት ይኖራል? ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው በምን በኩል ነው? መሻገሪያውስ የት ላይ ይዘጋል?

ይህ ጥናት ለቡታጅራ እንግዳ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ባለሙያዎች በ1979 ዓ.ም. በዘጠኝ የገጠርና በአንድ የከተማ ቀበሌ ሕዝብ መቁጠርና ጤናውን መከታተል ከጀመሩ ወዲህ የቡታጅራ ስም በዓለም የሕክምና ጽሑፎች ላይ በየጊዜው ይነሣል። እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2010 በዚሁ አካባቢ በተደረገ የወባ ጥናት ከ19 ሺህ በላይ ሰዎች ደማቸው ተመርምሯል። ወባ በቆላው ብቻ ሳይሆን ወደ ደጋው ከፍ ባሉት ቀበሌዎችም በጥቂቱ መገኘቷ የታወቀው በዚህ ዓይነቱ ቤት ለቤት በሚደረግ ሥራ ነው።

በወባ በኩል መሻገሪያዋ ትንኝ ናት። በብልሃርዚያ በኩል ደግሞ በውሃ ውስጥ የምትኖር ቀንድ አውጣ ናት። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ያስተዋሉትም ይህንኑ መሻገሪያ የሚመለከት ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ፣ ከማጠቢያው ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ገበሬው ለዘመናት ልብስ ያጠበበት እንዶድ የብልሃርዚያን መንገድ ሊዘጋ እንደሚችል በዚህ ተረዱ። በዚህ ሥራ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

የኮሶ መሻገሪያ ግን ትንኝም ቀንድ አውጣም አይደለም። የገበሬው ሀብት የሆነው ከብት ራሱ ነው። ትንኝን በመድኃኒት ማጥፋት፣ ቀንድ አውጣን በእንዶድ መግደል ይቻላል፤ በሬን ግን ማንም አያጠፋም። ስለዚህ የኮሶ መንገድ የሚዘጋው በሌላ በኩል መሆን አለበት።

የኮሶ ትል ኑሮ

የከብት ኮሶ ረጅም፣ ነጭ፣ እንደ ጥብጣብ ጠፍጣፋ የሆነ ትል ነው። አዋቂው ትል የሚኖረው በሰው ትንሹ አንጀት ውስጥ ብቻ ነው። በከብት አንጀት፣ በውሻም ሆነ በበግ አንጀት ውስጥ አይኖርም። ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 12 ሜትር ይረዝማል። ራሱ የመርፌ ጉጥ የምታህል ስትሆን በአራት መጣበቂያዎች አንጀት ላይ ትያያዛለች። ከራሱ በታች አንዱ ከሌላው ጋር የተቀጣጠሉ ከአንድ ሺህ እስከ ሁለት ሺህ የሚደርሱ ቁርጥራጮች አሉ። አፍ የለውም፤ ሰው የበላውን ምግብ በቆዳው በኩል ይመጥጣል። ካልታከመ ለብዙ ዓመታት ሊኖር ይችላል።

ከጭራው በኩል ያሉት ቁርጥራጮች ሲበስሉ በእንቁላል ይሞላሉ። በአንዷ ቁራጭ ውስጥ እስከ 100 ሺህ እንቁላል ሊገኝ ይችላል። የበሰሉት ቁርጥራጮች እየተበጠሱ ከሰገራ ጋር ይወጣሉ። የከብት ኮሶ ልዩ ጠባዩ ደግሞ ቁራጩ በራሱ መንቀሳቀስ መቻሉ ነው። ሰውየው ሳይጸዳዳም እየተሳበ ይወጣል፤ ልብስ ላይ፣ መኝታ ላይ፣ ሣር ላይ ይወድቃል። አንድ ሰው በቀን አምስት ቁራጭ ብቻ ጣለ ቢባል እስከ ግማሽ ሚሊዮን እንቁላል በአካባቢው በተነ ማለት ነው። ያውም አንድ ሰው፣ በአንድ ቀን።

እንቁላሉ በዓይን አይታይም። ፀሐይና ድርቀት ቶሎ ይገድሉታል፤ ቀዝቀዝ ያለና እርጥበት ያለው መሬት ግን ለወራት ያቆየዋል። የእንሰት ጓሮ ጥላና እርጥብ መሬት ለእንሰቱ እንደሚስማማው ሁሉ ለኮሶ እንቁላልም ይስማማዋል።

በሬው ከየት ያገኘዋል?

መጸዳጃ ቤት በሌለበት ወይም ኖሮም ጥቅም ላይ በማይውልበት ቤት ሰው የሚወጣው ወደ ጓሮ፣ ወደ እንሰቱ ሥር፣ ወደ ጥሻው ወይም ወደ ወንዙ ዳር ነው። ከብቱም ሣሩን የሚግጠው፣ የታጨደለትን የሚበላው፣ ውሃውን የሚጠጣው ከዚያው ነው። ጎርፍ ደግሞ በዳገቱ ላይ የተጣለውን ወደ ሜዳው ግጦሽ ያወርደዋል።

ከብቱ እንቁላሉን ከሣር ጋር ሲበላ በአንጀቱ ውስጥ ይፈለፈላል። ከውስጡ የምትወጣው ረቂቅ እጭ የአንጀቱን ግድግዳ በስታ ወደ ደም ሥር ትገባለች። ደሙ ተሸክሞ ወደ ሥጋው ያደርሳታል። እዚያም አተር እስክታህል ትበቅላለች፤ ነጣ ያለች፣ ውሃ ያዘለች ትንሽ ከረጢት ትሆናለች። ወደ ሰው ለመሻገር እስክትደርስ አሥር ሳምንት ያህል ይፈጅባታል። በብዛት የምትገኘው ብዙ በሚሠሩ ሥጋዎች ላይ ነው፤ በልብ፣ በምላስ፣ በመንጋጋ ሥጋ፣ በወርች፣ እንዲሁም ደረትንና ሆድን በሚለየው ስስ ሥጋ።

ይህ ነገር የተረጋገጠው ድሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጀመሪያ ጀርመናዊው ተመራማሪ ሩዶልፍ ሎይካርት ከሰው የወጣ የኮሶ ቁራጭ ለጥጃ አብልቶ፣ በኋላ ከጥጃው ሥጋ ውስጥ እነዚያን ከረጢቶች አገኘ። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ሙከራዎች ደግሞ የተበከለ ሥጋ የበላ ሰው ኮሶ እንደሚይዘው አሳዩ። ዙሪያው በዚህ ተሟላ። ሰው ለከብት ይሰጣል፤ ከብት ለሰው ይመልሳል።

እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት ትልቅ ነገር አለ። እጩ ያለበት ከብት ከውጭ ሲያዩት ምንም ምልክት አያሳይም። አይከሳም፣ አያስልም፣ ግጦሽ አይተውም። ጠጉሩ ያበራል፣ ሻኛው ይደነድናል። የገበያ ዓይን ያለው ነጋዴም ሆነ ሙያተኛ በቁሙ ለይቶ ሊያውቀው አይችልም።

ከበዓል እስከ በዓል

ነገሩን በገበሬው የቀን መቁጠሪያ ማየት ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። አንድ ሰው ለመስቀል በበላው ጥሬ ክትፎ ኮሶ ያዘው እንበል። ትሉ በአንጀቱ አድጎ ቁራጭ መጣል ለመጀመር ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈጅበታል፤ ይህም ታኅሣሥ ላይ ይደርሳል። በታኅሣሥ በዚያው ቤት ጓሮ ለፋሲካ ገበያ የሚደልብ በሬ ታስሯል። በሬው በዚያ ወር የበላው እንቁላል መጋቢት ላይ በሥጋው ውስጥ ለመሻገር የደረሰ እጭ ይሆናል። ፋሲካ ሲደርስ በሬው ታርዶ በቅርጫ ይከፋፈላል። አንድ ሰው በመስከረም ያገኘው ኮሶ በሚያዝያ ለብዙ ቤት ደረሰ ማለት ነው።

በዚህ መካከል ተንኮል ያሰበ፣ ሆን ብሎ ያጠፋ ሰው የለም። በሬውን ያደለበው ገበሬ ደክሟል፣ ያረደው በንጽሕና አርዷል፣ ያዘጋጀችውም እናት ቅቤውን አጣፍጣ አቅርባለች። የጎደለው አንድ ጉድጓድና አንድ ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት ብቻ ነው።

በሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

የከብት ኮሶ እንደ ወባ በጥቂት ቀን የሚገድል በሽታ አይደለም፤ አጋኖ መናገር አይገባም። ብዙ ሰው ቁራጩን እስኪያይ ድረስ መያዙንም አያውቅም። ሌላው ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ አንዳንዴ ረሃብ ረሃብ ይለዋል፣ አንዳንዴም የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል፣ ይከሳል። አልፎ አልፎ ቁራጩ ትርፍ አንጀት ውስጥ ገብቶ የቀዶ ሕክምና ሊያስከትል ይችላል።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ሐፍረቱ ነው። ቁራጩ በሰው ፊት፣ በጸሎት ቦታ ወይም በትምህርት ቤት ሊወጣ ይችላል። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው ለማንም ሳይነግር ይደብቃል። የደበቀው ሰው ደግሞ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሳይታከም እንቁላል እየበተነ ይኖራል። ኮሶ የሚኖረው በጥሬ ሥጋ ብቻ ሳይሆን በዝምታም ጭምር ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

በአሳማ ሥጋ የሚመጣ ሌላ የኮሶ ዓይነት መኖሩን ማወቅም ያስፈልጋል። የእርሱ እንቁላል ሰው ሆድ ከገባ እጩ ወደ አንጎል ሄዶ የሚጥል በሽታ ሊያስከትል ይችላል። የከብት ኮሶ እንቁላል ግን በሰው ላይ እንዲህ ያለ ጉዳት አያደርስም። ሁለቱን ማምታታት ሕዝብን ያለ አግባብ ያስደነግጣል።

ስለ ክትፎ የሚባሉ ነገሮች

“ሚጥሚጣው ይገድለዋል” ይባላል። አይገድለውም። ሚጥሚጣ ምላስን እንጂ በከረጢት ውስጥ የተጠቀለለችውን እጭ አያቃጥልም።

“ትኩስ ቅቤ ከፈሰሰበት አይጎዳም” ይባላል። ቅቤው የሥጋውን ውጭ ያሞቀዋል፤ ውስጡ ግን ቀዝቃዛ እንደሆነ ይቆያል። “ለብ ለብ” የሚባለው ክትፎም ከጥሬው ብዙም አይለይም። እጭዋ እርግጠኛ ሆኖ የምትሞተው የሥጋው ውስጡ ጭምር ወደ 60 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሞቅ ነው። በቤት ውስጥ መለኪያ ለሌለው ሰው ምልክቱ ቀላል ነው፤ የተከተፈው ሥጋ ቀይነቱን ሙሉ በሙሉ እስኪለቅ ድረስ ማመስ።

“አረቄ ከተጠጣበት ይሞታል” ይባላል። ይህም እውነት አይደለም። አረቄው ሰውየውን ያሰክረው እንደሆነ እንጂ ትሉን አይነካውም።

“በደንብ የደለበ ከብት ኮሶ የለበትም” ይባላል። ከላይ እንደተነገረው እጩ ያለበት ከብትም ይደልባል።

“ከብቱ የትል መድኃኒት ወስዷል፤ ሥጋው ንጹሕ ነው” ይባላል። ለከብት የሚሰጠው የተለመደው የትል መድኃኒት የአንጀትና የሆድ ዕቃ ትሎችን ለመከላከል ይጠቅማል። በሥጋ ውስጥ የተቀመጠችውን የኮሶ እጭ ግን አስተማማኝ በሆነ መንገድ አያጠፋም። ከብትን ከኮሶ እጭ የሚከላከል ክትባት በሙከራ ደረጃ ጥሩ ውጤት ቢያሳይም በገበያ ላይ ገበሬው የሚያገኘው አይደለም።

“ታዲያ ክትፎ ይቅር?” የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ማንም ክትፎን አስቀርቶ የጉራጌን በዓል ሊያከብር አይችልም። የበሰለ ክትፎም ክትፎ ነው። ጥሬውን ካልተወ ደግሞ ሥጋውን አስቀድሞ በብርቱ ማቀዝቀዝ ሌላው መንገድ ነው። ሥጋው እስከ መሐሉ ድረስ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ለአሥር ቀን ያህል ከቆየ እጩ ይሞታል። ተራ ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ግን ሥጋውን ከመበላሸት ያቆየዋል እንጂ እጩን አይገድልም።

ከኮሶ ዛፍ እስከ መድኃኒት ቤት

በአማርኛ በሽታው የሚጠራው በመድኃኒቱ ስም ነው። ኮሶ ማለት በደጋ የሚበቅል፣ ቀላ ያለ አበባው እንደ ዘለላ የሚንዠረገግ ዛፍ ነው። አበባው ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል። ሴቴዋ ዛፍ የምታወጣው አበባ ለመድኃኒትነት ይመረጣል። ከዚህም ሌላ እንቆቆ፣ መተሬና የዱባ ፍሬ ለዚሁ ሲያገለግሉ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 ኢትዮጵያ የነበረው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ስለ ኮሶ ዛፍ ጽፏል። በ19ኛው መቶ ዓመት ደግሞ የኮሶ አበባ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር። አባቶችና እናቶች ያወቁት እውቀት ባሕር ተሻግሯል ማለት ነው።

የኮሶ መጠጥ ግን ሁለት ችግር አለበት። አንደኛው መጠኑ አለመታወቁ ነው። የበዛ እንደሆነ ክፉኛ ያስታውካል፣ ያስቀምጣል፤ ዓይንን እስከማጥፋት የደረሰ ጉዳት ማድረሱንም ሐኪሞች መዝግበዋል። ለነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ አደገኛ ነው፤ ሊያስወርዳት ይችላል። ሁለተኛው ችግር ብዙ ጊዜ የማይታሰብ ነው። ኮሶ የጠጣ ሰው ሲያስቀምጠው የሚወጣው ወደ ጓሮ ወይም ወደ ሜዳ ከሆነ፣ በሜትር የሚቆጠር ትል ከነእንቁላሉ በአንድ ቀን ከብት በሚግጥበት ቦታ ፈሰሰ ማለት ነው። ሰውየው ተፈወሰ፤ ግጦሹ ግን ተዘራበት። ለዘመናት ይህን የመሰለ ጥሩ መድኃኒት እያለ ኮሶ ከአገር ያልጠፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ዛሬ በጤና ጣቢያና በመድኃኒት ቤት የሚገኙት ፕራዚኳንተልና ኒክሎሳማይድ በአብዛኛው አንድ ጊዜ በሚወሰድ መጠን ኮሶን ያጠፋሉ። መጠኑን የሚወስነው የጤና ባለሙያ ነው። ሰው ከጎረቤት የተረፈ ኪኒን ተቀብሎ መዋጥ የለበትም። የወጣውን ቁራጭ በንጹሕ ዕቃ ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ምርመራውን ያቀልለዋል፤ አያሳፍርም።

እናቶች ድሮ “ራሱ ወጣ ወይ?” ብለው የሚጠይቁት በከንቱ አልነበረም። ራሱ ከቀረ ትሉ እንደገና ያድጋልና። በአዲሱ መድኃኒት ትሉ በአንጀት ውስጥ ተበጣጥሶ ስለሚወጣ ራሱን ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ከሦስት ወር በኋላ ቁራጭ ተመልሶ መታየት አለመታየቱን መከታተልና ከታየም ተመልሶ መታከም ያስፈልጋል።

በእርድ ጊዜ

በቄራ የሚታረድ ከብት የሥጋ መርማሪ ያየዋል። መርማሪው የመንጋጋውን ሥጋ፣ ምላሱን፣ ልቡንና ወርቹን እየሰነጠቀ ይመለከታል። ጥቂት እጭ የተገኘበት ሥጋ በብርቱ ቀዝቅዞ ወይም በስሎ ጥቅም ላይ ሊውል ይችላል፤ በመላ አካሉ የተሰራጨበት ግን ሙሉ በሙሉ ይወገዳል። ኪሳራው የከብቱ ባለቤት ነው።

የችግሩን ስፋት ለማወቅ ወደ ደቡብ ራቅ ብሎ የሐዋሳን ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት በሐዋሳ ቄራ ከተመረመሩ 400 ከብቶች 105ቱ የኮሶ እጭ ተገኝቶባቸዋል። ከአራት ከብት አንዱ ማለት ነው። በዚያው ጥናት ከተጠየቁት ሰዎችም ከግማሽ የሚበልጡት ኮሶ ይዟቸው እንደሚያውቅ ተናግረዋል። ጥሬ ሥጋ የሚወደድበትና መጸዳጃ ቤት ያልተሟላበት ቦታ ሁሉ ይህ ቁጥር የራሱ ጉዳይ መሆኑን ማሰብ አለበት።

የቄራ ምርመራም ፍጹም አይደለም። በቢላ የሚሰነጠቀው ጥቂት ቦታ ስለሆነ ጥቂት እጭ ያለበት ከብት ሊያመልጥ ይችላል። ስለዚህ ማኅተም ያረፈበት ሥጋ ከማይመረመረው በጣም ይሻላል፤ በጥሬው ለመብላት ግን ሙሉ ዋስትና አይሆንም።

በመንደር በቅርጫ የሚታረደው ከብት ደግሞ ብዙውን ጊዜ መርማሪ አያየውም። በዚህ ጊዜ አራጁ ሥጋውን ከማከፋፈሉ በፊት ልቡን ሰንጥቆ፣ ምላሱን፣ የመንጋጋውን ሥጋና ወርቹን በብርሃን ቢያይ ጥሩ ነው። ነጭ፣ አተር የሚያህል ከረጢት ከታየ የቅርጫው አባላት ሁሉ እንዲያውቁ ይደረግ፤ ሥጋው በሚገባ ሳይበስል አይበላ። ብዙ ከታየ ደግሞ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሳያየው አይከፋፈል። ለአንድ ሰዓት መዘግየት ሃያ ቤት ከመበከል ይሻላል።

ድለባና ዩኒየኑ

አንድ ገበሬ አንድ በሬ ሲያደልብ ጉዳቱ በአንድ በሬ ይወሰናል። ከብቶች በአንድ ቦታ ተሰብስበው ሲደልቡ ግን ሁኔታው ይለወጣል። ሠላሳ በሬ በአንድ በረት የሚያደልብ ማኅበር አለ እንበል። መኖ የሚያቀርበው ሠራተኛ ኮሶ ይዞታል፤ በበረቱ አጠገብ መጸዳጃ ቤት ስለሌለ ከመኖው ክምር ጀርባ ይጸዳዳል። እንቁላሉ ከመኖው ጋር ሲቀላቀል ሠላሳውም በሬ አንድ ላይ ይበከላል። በሰሜን አሜሪካ ባሉ ትላልቅ የማድለቢያ ጣቢያዎች በአንድ ሠራተኛ ምክንያት በርካታ ከብት የተበከለበት ሁኔታ ተመዝግቧል። እዚያ የደረሰው እዚህ የማይደርስበት ምክንያት የለም።

በዚህ ምክንያት ለማድለቢያ ቦታ መጸዳጃ ቤት ከመኖ መጋዘን ያላነሰ ዋጋ አለው። የበረት ሠራተኛ ጤናም የከብቱን ያህል ሊታሰብለት ይገባል። ሠራተኛው ኮሶ ተገኘበት ተብሎ ከሥራ ቢባረር ግን ከዚያ በኋላ ማንም ሕመሙን አይናገርም። ታክሞ ወደ ሥራው መመለስ አለበት።

ምን ይደረግ?

ከላይ የተነገረው ሁሉ ወደ ሥራ ሲመለስ የሚከተለውን ይመስላል።

1. መጸዳጃ ቤት። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 ከተጀመረ ወዲህ የመጸዳጃ ጉድጓድ ብዙ ተቆፍሯል። መቆፈሩ ብቻ ግን በቂ አይደለም። የቤተሰቡ አባል ሁሉ፣ ሕፃናትም ጭምር፣ ሊጠቀሙበት ይገባል። እርሻው ከቤት የራቀ ገበሬ ቢያንስ ቆፍሮ ይቅበር።

2. ትኩስ የሰው ሰገራ ለእንሰትም ሆነ ለመኖ ሣር ማዳበሪያ አይሁን። የከብት ፍግ በዚህ በኩል አይከለከልም፤ የከብት ፍግ የሰው ኮሶ እንቁላል አያወጣምና።

3. የቤተሰብ ሕክምና። ከቤተሰቡ አንዱ ኮሶ ከታየበት ከዚያው ገበታ የበሉት ሁሉ ይጠየቁ፣ የታየባቸውም ይታከሙ። መድኃኒት የወሰደ ሰው በመጸዳጃ ቤት ብቻ ይጸዳዳ።

4. የበረት ሠራተኞች። የማድለብ ሥራ ያላቸው ማኅበራት ሠራተኞቻቸው በየጊዜው ወደ ጤና ጣቢያ ሄደው እንዲመረመሩ ወጪውን ይሸፍኑ።

5. ከቄራ የሚመለስ ወሬ። የከብቱ ሥጋ ላይ እጭ ሲገኝ ወሬው ብዙ ጊዜ ቄራው ላይ ይቀራል። ዩኒየኑ የሚያቀርባቸው ከብቶች የየትኛው ማኅበርና የየትኛው ገበሬ እንደሆኑ ቢመዘገብና ውጤቱ ወደ ቀበሌው ቢመለስ፣ የትኛው ግጦሽና የትኛው መንደር ቀድሞ ሥራ እንደሚያስፈልገው ይታወቃል። ወሬው ገበሬውን ለመቅጣት ሳይሆን ለመርዳት መዋል አለበት፤ ለቅጣት ከዋለ ሰው ከብቱን በስውር ወደ ማረድ ይሄዳል።

6. ማቀዝቀዣ። ሥጋን በብርቱ የሚያቀዘቅዝ ክፍል ለአንድ ገበሬ የማይቻል ወጪ ነው። ለማኅበራት ኅብረት ግን ሊታሰብ የሚችል ነው። ዩኒየን የተቋቋመው አንዱ ብቻውን የማይችለውን በጋራ ለመቻል ነውና።

የተከበራችሁ ተወካዮች፤

ኮሶ በሁለት እግር ይቆማል፤ አንደኛው ሰው ነው፣ ሁለተኛው ከብት። ከሁለቱ አንዱ ከተነሣ ይወድቃል። ከብቱን ከግጦሽ መከልከል አይቻልም። ሰውን ግን ማከምና ጉድጓድ እንዲጠቀም ማድረግ ይቻላል፤ ወጪውም ከአንድ የተወገደ በሬ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነው። ከዚህ ሥራ ውስጥ ከውጭ አገር እስኪመጣ የሚጠበቅ ነገር የለም። አካፋው በየቤቱ አለ፤ መድኃኒቱ በጤና ጣቢያ ይገኛል።

በሚመጣው መስቀልና በሚመጣው አረፋ ከቡታጅራ፣ ከመስቃንና ከማረቆ ቀበሌዎች የሚወጣው በሬ ከነክብሩ ገበያ ይድረስ። እንግዳው ከገበታው ሲነሣ ይዞት የሚሄደው የክትፎውን ጣዕምና የቤቱን ምርቃት ብቻ ይሁን።

መልካም የምሥረታ በዓል!